ወሩ ስንት ቀን አለው?

መስከረም ሲጠባ በደብረ ብርሃን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች እስከ በራቸው ድረስ ደብተር ይደረድራሉ። ከደብተሩ ጎን ወፍራም ሽፋን ያላቸው፣ በየገጹ ቀን የታተመባቸው አጀንዳዎች ይቀመጣሉ። አጀንዳውን የሚገዛው መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ፈረቃ ተቆጣጣሪው፣ አዲስ ሱቅ የከፈተው ወጣት ነው። እኔም በየዓመቱ እገዛለሁ። በቅርቡ ያለፉትን ዓመታት ሰባት አጀንዳዎች ከመደርደሪያ አውርጄ አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። ሰባቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። መስከረም በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል ጢም ብሎ ተሞልቷል። ጥቅምት ላይ መስመሮቹ እየሳሱ ይሄዳሉ። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

ይህን ንጹሕ ወረቀት ለዓመታት የስንፍናዬ ማስረጃ አድርጌ ስመለከተው ኖሬአለሁ። የማስተምራቸው ልጆችም ስለ ራሳቸው የሚሉት ይህንኑ ነው፤ "እኔ ሰነፍ ነኝ፣ ጀምሬ አልጨርስም" ይላሉ። አጀንዳዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በሰባቱም ላይ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ "ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ መሮጥ" የሚል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መስከረም ላይ ደመናው ገና ስላልተገፈፈ ሌሊቱ ይቻላል። ጥቅምትና ኅዳር ሲገቡ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ምድሪቱ ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት የሚያቆይላት መሸፈኛ ታጣለች፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ያድራል። ዕቅዱን ያወጣሁት በመስከረም አየር ነው፤ የሚፈጸመው ግን በኅዳር ውርጭ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ኅዳርን ሳልቆጥር አቀድኩ።

ለማለት የምፈልገው ይህ ነው፤ ብዙዎቹ የግል ዕቅዶቻችን የሚፈርሱት በሒሳብ ስሕተት ነው። የእኛ ያልሆኑ ቀናትን የእኛ ናቸው ብለን እንደምራለን፤ ድምሩ ሲጎድል ጉድለቱን በባሕርያችን ላይ እንጽፋለን።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎች አንድ ሥራ የሚወስድባቸውን ጊዜ ሲገምቱ ዘወትር ወደ ማሳነስ እንደሚያደሉ ጽፈው ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ሮጀር ቡህለር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በካናዳ የመመረቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ የነበሩ 37 ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ? ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። በተግባር የወሰደባቸው ከ55 ቀን በላይ ነበር። ተማሪዎቹ ክፉውን አስቡ ተብለው ያሰቡት ክፉ እንኳ ከደረሰው የተሻለ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሰው ሲያቅድ ሥራውን ያያል፤ ወንበሩን፣ ወረቀቱን፣ ራሱን ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ ያያል። በመካከል የሚታመመውን ልጅ፣ የሚሞተውን ጎረቤት፣ የሚጠፋውን መብራት አያይም።

እስኪ ኅዳርን አብረን እንቁጠር። ሠላሳ ቀን ነው። አራት እሑድ ይወጣለታል። አራት ቅዳሜ ደግሞ ለገበያ፣ ለወፍጮ፣ ለልብስ አጠባ ይሄዳል። ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን፣ በ27 መድኃኔዓለም አለ። በገጠር ያለው ቤተሰብ ደግሞ እንደ ደብሩ ታቦት የአቦን፣ የገብርኤልን፣ የጊዮርጊስን፣ የበዓለ ወልድን ቀን ያከብራል። በዚህ መካከል የእድር ጥሪ ይመጣል። ቀብሩ አንድ ቀን ነው፤ ለቅሶው ግን ሁለትና ሦስት ማታ ይወስዳል። የወላጆች ስብሰባ አለ፤ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የማኅበር ጽዋ የሚወጣበት ወር ከሆነ ደግሞ ዝግጅቱ ሳምንት ይበላል። ባለፈው ኅዳር በየማታው በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ አንድ ምልክት አደርግ ነበር፤ ዛሬ ያሰብኩትን ለመሥራት ቢያንስ አንድ ሰዓት ነበረኝ ወይስ አልነበረኝም? ወሩ ሲያልቅ የቆጠርኩት 16 ቀን ሆነ። አጀንዳዬ ላይ ያቀድኩት ለ30 ነበር።

የቀሩት 14 ቀናት ባከኑ የሚለኝን ሰው አልቀበልም። ከውጭ የሚመጡ የሥራ ውጤታማነት ምክሮች ለቅሶ መድረስን፣ ቡና መጠራራትን፣ የታመመ መጠየቅን ጊዜ ከሚሰርቁ ነገሮች ተርታ ሲያስቀምጡ እናያለን። የእድር ጎረቤቱን ችላ ብሎ የራሱን ግብ ብቻ የሚያሳድድ ሰው፣ እሱ ያዘነ ቀን ድንኳኑን የሚተክልለት የለም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት የሚሠራው፣ አዝመራ የሚሰበሰበው፣ ሙሽራ የሚዳረው በሰው ነው። እነዚያ ቀናት ለሕይወታችን ዋስትና የምንከፍላቸው ናቸው። ስለዚህ እነሱን ከመሰረዝ ይልቅ ከመጀመሪያው ከሒሳቡ ላይ ማንሣት ይሻላል። ለ16 ቀን ያቀደ ሰው 15 ቀን ቢሠራ ደስ ብሎት ወሩን ይጨርሳል። ለ30 ያቀደው ግን ያንኑ 15 ቀን ሠርቶ ተሸናፊ ነኝ ብሎ ያቆማል። ሁለቱም የሠሩት እኩል ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የሚቀጥለው ግን የመጀመሪያው ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ላይ "ግባችሁ ስማርት ይሁን" ሲባል ሰምተናል። ስማርት (SMART) አምስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥሩ ግብ ሊኖረው የሚገባውን አንድ ነገር ይጠቅሳሉ፤ ከእነሱም አንዱ "ሊፈጸም የሚችል" መሆን ነው። ይህን ቀመር ጆርጅ ዶራን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ለድርጅት ሥራ አስኪያጆች ነበር፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ መመደብ ራሱ ከአምስቱ ፊደሎች የአንዱ ፍቺ ነበር። ለግል ሕይወት ሲመጣ ግን የምንመድበው ሌላ ሰው የለም። ያው አንድ ሰው ነው፤ ያው አባት፣ ያው እድርተኛ፣ ያው ተማሪ። ቀመሩ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን "ሊፈጸም የሚችል" የሚለውን ቃል ከነቀን መቁጠሪያው ካልያዝነው ባዶ ቃል ነው።

በዚህ ረገድ ከሥልጠና አዳራሹ ይልቅ ከገበሬው የምንማረው ይበዛል። በምንጃር የጤፍ ማሳ ላይ የቆመን ገበሬ "ዘንድሮ ስንት ኩንታል ታገኛለህ?" ብትሉት "እሱ ያውቃል" ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። "ስንት ጊዜ ታርሳለህ?" ብትሉት ግን ያለማመንታት ይነግራችኋል፤ የመጀመሪያው እርሻ፣ ገመሳው፣ መቼ እንደሆነ፣ ሁለተኛው፣ አይማው፣ መቼ እንደሚከተል፣ ሦስተኛውን፣ ስልሳውን፣ ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደሚያደርሰው ያውቃል። ኩንታሉ በእሱ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ እርሻው ግን በእጁ ነው። የመንዝ ገበሬ ደግሞ የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ዓመቱ አለቀ ብሎ አይቀመጥም፤ ያንኑ መሬት ለመኸር ያዘጋጃል። ዕቅዱ ከመጀመሪያው "ይህ ቢቀርስ?" የሚል ጥያቄ አለበት። ያለዚያ ጥያቄ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ውርጭ ገብስ አይበላም።

እኛ የተማርን ነን የምንለው ደግሞ ተቃራኒውን እናደርጋለን። በክፍሌ ውስጥ መስከረም ላይ "የዓመቱን ግባችሁን ጻፉ" ስል ብዙዎቹ የሚጽፉት ቁጥር ነው፤ ከ600 480 አመጣለሁ፣ 500 አመጣለሁ። የሀገሪቱን ውጤት እናውቃለን። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። በዚህ ሁኔታ 500 ብሎ የጻፈ ልጅ ተስፋውን መንቀፍ አልፈልግም፤ ተስፋ ያስፈልገዋል። የሚያሳዝነኝ ከቁጥሩ በታች ምንም አለመጻፉ ነው። ማታ ምን ያነብባል? በየትኛው ቀን? ከየትኛው ክፍል መጽሐፍ ይጀምራል? የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ያልገባው ልጅ የ12ኛውን ሲያነብብ ቢያድር 500 አይመጣም። ገበሬው ኩንታሉን ትቶ እርሻውን ይቆጥራል፤ ተማሪው እርሻውን ትቶ ኩንታሉን ይቆጥራል።

በገንዘብም ያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ላፕቶፕ ለመግዛት ወይም ቤት ለማደስ ይህን ያህል ሺህ ብር እቆጥባለሁ ብሎ ያቀደ ሰው ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ዕቃው ከእሱ ርቆ አገኘው። ቁጥሩን ግቡ ያደረገ ተስፋ ቆረጠ። "ደመወዝ በገባ ቀን ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ያህል አነሣለሁ" የሚለውን ድርጊት ግቡ ያደረገው ግን ልማዱ አብሮት አለ፤ ዋጋው ሲለወጥ የሚለውጠው መጠኑን ነው።

እዚህ ላይ አንድ አለመግባባት እንዳይፈጠር እሰጋለሁ። ሊፈጸም የሚችል ግብ ማለት ትንሽ ግብ ማለት አይደለም። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ላታም ለአሥርት ዓመታት ባደረጉት ጥናት በተደጋጋሚ ያገኙት፣ አቅሙ እስካለና ሰው እስካመነበት ድረስ ጠንከር ያለና ግልጽ የሆነ ግብ "የቻልከውን አድርግ" ከሚለው እጅግ የተሻለ እንደሚያሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የላታም ጥናት በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ግንድ በሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች ላይ የተደረገ ነበር። ሾፌሮቹ የቻላችሁትን ጫኑ ሲባሉ ሕጉ ከሚፈቅደው ክብደት 60 በመቶ ገደማ ይጭኑ ነበር። 94 በመቶ የሚል ቁርጥ ያለ ግብ ሲሰጣቸው በወራት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ደረሱ። መኪናው ያው፣ ሰውየው ያው፣ መንገዱም ያው ነበር። ልብ በሉ፤ መኪናው 94 በመቶ መሸከም ይችል ነበር። 130 በመቶ ቢባሉ ኖሮ ጎማ ይፈነዳ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ ከከተማችን ቀድማ የምትገኘውን ጫጫን ታውቋታላችሁ። ጌጤ ዋሚ የተወለደችው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2007 የበርሊንን ማራቶን አሸነፈች። ከ35 ቀን በኋላ ደግሞ በኒውዮርክ ሌላ ማራቶን ሮጣ ሁለተኛ ወጣች፤ በዚያም የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች የነጥብ ውድድርን በአንደኝነት አጠናቅቃ 500 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ተሸለመች። በ35 ቀን ልዩነት ሁለት ማራቶን ለማናችንም ቢሆን እብደት ነው። ለእሷ ግን የተሰላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2000 በሲድኒ የብርና የነሐስ ሜዳሊያ ባለቤት፣ በ2006 የዚያው የበርሊን ማራቶን አሸናፊ ነበረች። ግቡ የሚለካው በባለቤቱ ጉልበት ነው። የእሷን ግብ የእኔ አጀንዳ ላይ ብገለብጠው ሆስፒታል እገባለሁ፤ የእኔን ግብ ለእሷ ብትሰጧት ስድብ ይሆንባታል።

ግቦቹ ስንት ይሁኑ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ከአጀንዳዎቼ በአንዱ ላይ መስከረም 1 ቀን ዘጠኝ ግቦች ተጽፈዋል፤ እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ መሮጥ፣ መጽሐፍ በሳምንት አንድ፣ ጓሮ ማልማት፣ ሌላም ሌላም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አሁን በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አዲስ ነገር አልይዝም።

ልማድን በተመለከተ ደግሞ በብዙ አዳራሾች የሚነገር አንድ ቁጥር አለ፤ 21 ቀን። ማንኛውም ነገር 21 ቀን ከተደጋገመ ልማድ ይሆናል ይባላል። የቁጥሩ ምንጭ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፈው ታካሚዎቹ ከአዲሱ ፊታቸው ጋር ለመለማመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ነበር። ስለ ንባብ፣ ስለ ሩጫ ወይም ስለ ቁጠባ አልነበረም፤ "ቢያንስ" የሚለው ቃልም በመንገድ ላይ ጠፋ። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ84 ቀን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አዲስ ድርጊት ያለ ብዙ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ ገመቱ። የግምቱ ልዩነት ግን ከሰው ሰው ሰፊ ነበር፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ከቁርስ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣትና ሃምሳ ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት እኩል አይደሉም።

ከዚህ ጥናት እኔን ያጽናናኝ ሌላኛው ግኝት ነው። አንድ ቀን ማለፉ የልማዱን ግንባታ አላፈረሰውም። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ቀን ሲያመልጥ "ተበላሸ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ" ይባላል፤ ሰኞ ሲያመልጥ "ከሚቀጥለው ወር"፣ ወሩ ሲያመልጥ "ከመስከረም" ይባላል። አጀንዳዎቼ ከኅዳር በኋላ ነጭ የሆኑት አንድ ቀን ስላመለጠኝ አልነበረም፤ ያመለጠኝን ቀን እንደ ሞት ስለቆጠርኩት ነው። አሁን የራሴን ግምት እንዲህ አሰላለሁ፤ በወር 16 ቀን ያለኝ ሰው 66 ጊዜ ለመደጋገም አራት ወር ይፈጅብኛል። መስከረም የጀመርኩት ጥር ላይ ይረጋል ማለት ነው። ኅዳር ላይ ገና ሊከብደኝ የሚገባ ነገር ስለከበደኝ ራሴን አልወቅስም።

ልማዱ የሚታሰርበት ገመድም ወሳኝ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ግማሾቹ የትና መቼ እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ላኩ፤ ካልወሰኑት የላኩት ሲሶው ብቻ ነበሩ። "ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" ብሎ ድርጊቱን ከአንድ ምልክት ጋር ማሰር ነው ልዩነቱን ያመጣው።

ምልክቱ ግን የግድ ሰዓት መሆን የለበትም። በእኛ አካባቢ ሰዓት ደካማ ምልክት ነው ባይ ነኝ። ታክሲው ይዘገያል፣ ስብሰባው ይራዘማል፣ መብራቱ ይሄዳል። የገጠር ሰው ቀኑን የሚከፍለው ሁልጊዜ በሚሆኑ ነገሮች ነው፤ ከብት ሲገባ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አቦል ሲቀዳ። እነዚህ ምልክቶች ዘግይተውም ቢሆን ይመጣሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የነበረው ሩጫዬን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወርኩት በዚህ ሐሳብ ነው። የሩጫ ጫማዬን በከረጢት ይዤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደወል ሲደወል ወደ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ በሬሳ ወንዝ አቅጣጫ እወርዳለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ቤት ከገባሁ እንደማልወጣ ስለማውቅ ቤቱን ከመንገዱ አወጣሁት። ሁለት ኅዳር አልፎታል፤ ውርጩም አልደረሰበትም።

አንድ ሰው ብቻውን በፈቃዱ ጥንካሬ ልማድ ይገነባል የሚለው አስተሳሰብ ለዚህ ምድር እንግዳ ነው። ዕቁብን እዩ። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን እንደሚከፍል ዋስ ይጠራል። ከደመወዙ መቶ ብር ለብቻው ማስቀረት ያቃተው ሰው በዕቁብ ሺህ ብር ሲጥል ዓመት ይዘልቃል። በዚያ ሰው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። በፊሊፒንስ በአንድ ባንክ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ራሳቸው ባስቀመጡት ቀን ወይም መጠን ካልደረሰ በቀር ገንዘባቸውን ማውጣት የማይችሉበት ሒሳብ የቀረበላቸው ደንበኞች፣ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር ቁጠባቸው ከአንድ ዓመት በኋላ በ80 በመቶ ገደማ እንዳደገ አሳይቷል። እናቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር።

ከዕቁብ የሚበልጥ ምሳሌ ግን በመንዝ ጓሳ አለ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ያ ደጋ ሜዳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት ብቻ አይደለም። ጓሳ የተባለው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በክፉ ዓመት ከብት ይተርፍበታል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥርዓት አበጅቶ፣ በመረጣቸው አባቶች እየተመራ ሜዳውን ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለሦስትና ለአምስት ዓመት ይዘጋው ነበር። በዝግ ጊዜ ገብቶ ያጨደ ይቀጣ ነበር። ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ በድርሻው ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ቆይቶ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ በራሱ ጥበቃ ሥር መለሰው። ለመቶዎች ዓመታት ሣሩን ያቆየው የእያንዳንዱ ሰው ራስን መግዛት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ድርቅ ያልቅ ነበር። ያቆየው የዝግና የክፍት ጊዜ ስምምነት ነው።

ይህን ሳስብ ወደ ቤቴ ያመጣሁት አንድ ነገር አለ። ስልክ ከእራት በኋላ ያለችውን፣ ከቀኑ የቀረችኝን አንዲት ሰዓት ይበላብኝ ነበር። "ስልክ እቀንሳለሁ" የሚል መስመር በሦስት አጀንዳዎች ላይ ተጽፏል። አሁን በቤታችን እራት ከቀረበ ጊዜ ጀምሮ እስከ መኝታ የሁሉም ስልክ ቁም ሣጥኑ ላይ ይወጣል። ጠባቂዎቹ ልጆቼ ናቸው፤ እኔንም እናታቸውንም አይምሩም። እኔ ብቻዬን ስወስነው ሳምንት ያልቆየው ነገር በቤት ሕግ ዓመት ሊሞላው ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። ስለ ዕቅድ የሚጻፍ ማንኛውም ነገር ሳይታሰብ በድሃ ላይ ፍርድ ይሆናል። ጠዋት ውኃ የምትቀዳ፣ ከሰዓት ኩበት የምትለቅም፣ ማታ እንጀራ የምትጋግር ልጅ "ጊዜሽን በአግባቡ ተጠቀሚ" ስትባል ሰምቻለሁ፤ ከእሷ በላይ ጊዜን የሚያውቅ ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ ቤቱ የተቃጠለበትን ነጋዴ፣ በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ለዓመታት የቆዩትን ተፈናቃዮች የአምስት ዓመት ግባችሁን ጻፉ ማለት ነውር ነው። መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የአንድ ሳምንት ዕቅድ እንኳ የድፍረት ሥራ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ግቡ ቢያጥር፣ የነገን ብቻ ቢይዝ ልክ ነው።

ችግር ራሱ የማሰብ አቅምን እንደሚይዝ የሚያሳይ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የአናንዲ ማኒና የባልደረቦቿ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመከር በፊትና ከመከር በኋላ ፈተነ። ያው ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ በማሰብና በማመዛዘን ፈተናዎች የሠራው፣ ከሸጠ በኋላ ከሠራው ያነሰ ነበር። ሰውየው አልደነዘዘም፤ ሐሳቡ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር።

ታዲያ እኛ ዕቅድ የምናወጣው መቼ ነው? መስከረም ላይ ነው። አዲስ ዘመን ሲጠባ አዲስ ነገር ለመጀመር የሚነሣውን ፍላጎት አላቃልለውም፤ ሄንቸን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ግቦቻቸው ይበልጥ እንደሚነሣሡ አሳይተዋል። ነገር ግን መስከረም በሰሜን ሸዋ ምን ዓይነት ወር ነው? ክረምቱ ጎተራውን ጨርሶታል፤ አዝመራው ገና እሸት ነው። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ወጪ አለ፤ የልጆች ደብተርና ልብስ አለ፤ ከገጠር መጥቶ ቤት ለሚከራይ ተማሪ የመጀመሪያው ኪራይ አለ። ደመወዝተኛውም ከዚህ አያመልጥም። የዓመቱን ዕቅድ የምናወጣው ሐሳባችን በጣም በተያዘበት ወር ነው። ጥር ሲሆን ግን እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ውርጩን አይተነዋል፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት በእጃችን ነው፣ ከወሩ ስንቱ የእኛ እንደሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቆጥረናል። ስለዚህ በክፍሌ ውስጥ ልማዱን ቀየርኩት። መስከረም ላይ አንድ ነገር ብቻ እናስጀምራለን፤ ትክክለኛውን ዕቅድ የምናወጣው ጥር መጨረሻ ላይ ነው።

ባለፈው ጥር ለእያንዳንዱ ተማሪ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉትን ቀናት የያዘ ወረቀት ሰጠሁ። ሥራቸው መጻፍ አልነበረም፤ መሰረዝ ነበር። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ቤተሰቦቿ ገጠር ያሉ ልጅ ቅዳሜንና እሑድን በሙሉ ሰረዘች፤ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት ትሄዳለች። ዓርብን ሰረዘች፤ ለመንገድ የምትዘጋጅበት ነው። ሰኞን አሰበችበትና ሰረዘችው፤ እሑድ ማታ ስለምትመለስ ሰኞ እንጀራ የምትጋግርበት ቀን ነው። ከዚያ የስቅለትንና የፋሲካን ሰሞን ሰረዘች። የቀሩትን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካች ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

"መምህር፣ አርባ ስምንት ማታ አለኝ" አለችኝ። "ለሒሳብ ይበቃል?"

መጽሐፉን ከማውጫው ገለጥኩና ወንበር ስቤ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ከ9ኛ ክፍል አልጀብራ ጀምረን ምዕራፎቹን ለአርባ ስምንት ማካፈል ያዝን።